ሃያ ሦስት ቁጥር

ሴትየዋ ጌጃ ሰፈር ወዳለው የዓብዱልሰላም ጫማ ቤት የምትመጣው በዓመት አንዴ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ጥቁር ሻሿ ከመታጠብ ብዛት ነጥቷል። ባሏ ሥራ አግኝቶ ባርቤዶስ ወስዷት እንደነበር፣ ባሕሩ ከደጃፋቸው እንደማይርቅ፣ ልጇም አሸዋው ላይ ሲሮጥ ይውል እንደነበር አንድ ቀን አጫውታዋለች።

ዛሬም ሃያ ሦስት ቁጥር የሕፃን ሰንደል አነሣች። አሸዋ የገባበት ይመስል አዲሱን ጫማ ገልብጣ አራገፈችው።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ።»

አምናም ካቻምናም ያለችው ይህንኑ ነው። ዓብዱልሰላም ነገሩ ከነከነው፤ ግን የነጋዴ አፉ ቀደመው።

«አንድ ቁጥር ጨምሪበት እንጂ እህቴ፣ ልጅ እኮ ያድጋል!»

«ልኩን ስጠኝ» አለችው። «የእኔው አያድግም።»