ፍሬን እምቢ አለኝ ብዬ ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ትንንሾቹን ኃጢአቶች አንድ በአንድ ቆጥሬ ይህን ዘልዬዋለሁ። ባለቤቴ ብርሃኔ ግማሹን ታውቃለች። ሙሉውን ስትሰማ አንተ፣ አንባቢዬ፣ የመጀመሪያው ነህ።

አየለ እባላለሁ። ሚዛን ከተማ ቡና የሚጭን መኪና ሹፌር ነበርኩ። አንድ ቀን የጆንያው ክምር ላይ ወጥቼ ሸራ ስወጥር ገመዱ ተበጠሰና ቁልቁል ወደቅኩ። ጭንቅላቴን ድንጋይ መታኝ። ጅማ ወስደው የራስ ቅሌን ከፍተው የፈሰሰውን ደም አወጡልኝ፤ ተረፍኩ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ለምሳ እጄን ስታጠብ ድንገት ተዘረርኩ። አረፋ ደፍቄ እንደተንፈራገጥኩ የነገረችኝ ብርሃኔ ናት። ከዚያ ወዲያ ደጋግሞ ጣለኝ። ሐኪሙ ክኒን አዘዘልኝና፣

«መሪ እንዳትነካ» አለኝ። «አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጥልህ ከቆየ፣ ያን ጊዜ ና፣ እንነጋገራለን።»

እሺ አልኩ። እሺ ያለው አፌ ነበር።

አምስት ወር ሳይጥለኝ አለፈ። ቤት መዋል አንገበገበኝ። ከእኔ በኋላ መንጃ ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ጡሩንባ እየነፉልኝ ሲያልፉ፣ ጎረቤት «አይዞህ» ሲለኝ፣ ሁሉም ስድብ ይመስለኝ ነበር። ችግር አስገድዶኝ ነው ብዬ ልዋሽ? ብርሃኔ የልብስ ሱቋ ነበራት፤ ጾም አላደርንም። ያስገደደኝ ኩራቴ ነው። በሽታዬን ወደማያውቅ ባለ ሚኒባስ ሄጄ ከሚዛን ቴፒ ለመሥራት ተቀጠርኩ። ይባስ ብዬ ክኒኑ ያፈዘኛል እያልኩ መንገድ በምወጣበት ጠዋት መዋጥ ተውኩ።

«ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው?» አለችኝ ብርሃኔ።

«እኔን ከእኔ በላይ ማን ያውቀኛል?»

«አንተስ እወቀው። የምትጭናቸው ሰዎችስ ያውቃሉ?»

በሩን በላይዋ ዘግቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ጠዋት፣ ሸኮን አልፈን ቁልቁለቱን ስንይዝ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። የሚቃጠል ነገር አልነበረም። ያን ሽታ አውቀዋለሁ፤ ሊጥለኝ ሲል ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣ ሽታ ነው። እዚህ ላይ ነው ወንጀሌ። ጊዜ ነበረኝ። ዳር ይዤ ማቆም እችል ነበር፤ እግሬም እጄም ገና የእኔ ነበሩ። ለምን አላቆምኩም? ባቆም ተሳፋሪው መሬት ላይ ስንፈራገጥ ያየኛል፤ እስከ ማታ ሚዛን ሁሉ ይሰማል፤ መሪ ዳግመኛ አልይዝም። ያልፋል አልኩ። ሰው እንዳያየኝ ብዬ አሥራ ሁለት ሰው ይዤ ወረድኩ።

ስነቃ መኪናው ገደሉ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጋር ተላትሞ ነበር። የሞተ አልነበረም። ነገር ግን ጋቢና ውስጥ አጠገቤ እንቅልፍ ወስዷት የነበረችው ታደለች፣ የሸኮዋ ልብስ ሰፊ፣ ቀኝ እጇ በቆርቆሮው ተጨፍልቆ ነበር። ሐኪም ቤት ከአንጓዋ በላይ ቆረጡት።

ትራፊክ ፖሊሱ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ፣

«ፍሬን እምቢ አለኝ» አልኩ።

ሦስት ቃል። ከኋላ የነበሩትም «ደንግጦ መሪውን ጨምድዶ ያዘ» ብለው መሰከሩ። የፍሬኑ ቱቦ በግጭቱ ተበጣጥሶ ስለነበር ውሸቴን የሚያጋልጥ ነገር አልተገኘም። ያን ፍሬን ከሦስት ቀን በፊት የሠሩት ጋሽ መኩሪያ ነበሩ፤ ከጉራጌ አገር መጥተው ሚዛን የከተሙ፣ ሹፌር ሁሉ እጃቸውን የሚያምን መካኒክ። ፖሊስ ጣቢያ ጥቂት ቀን ቆይተው ማስረጃ የለም ተብለው ተለቀቁ። ያኔ እፎይ አልኩ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

በተለቀቁ ማግስት ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። እንዳልተቀየሙኝ ነግረውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አየለ፣ ልጄ፣ ለክስ አይደለም፤ እኔው እንዳውቀው ነው። ስትረግጠው ምን ሆነ?»

ዓይናቸውን እያየሁ «ሳይዝ ወለሉን ነካ፣ ጋሼ» አልኩ።

መዳፋቸውን ገልብጠው ለረጅም ጊዜ አዩት። «እንግዲያው የእኔ እጅ ነው» አሉ። በዚያው ወር ጋራዡን ዘጉ። የሰው መኪና አልነካም አሉ፤ ብለምናቸው፣ ቢለመኑ እምቢ። አዎ፣ እኔም ለማኝ ሆኜ ሄጄ ነበር! እውነቱን ከመናገር ይልቅ ልመና ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌ ልከው ታደለችን ይቅርታ ሊጠይቁ ሸኮ ሄዱ። እኔንም እንደ ተጎጂ ቆጥረው ጠሩኝ፤ ከታደለች ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ጋሽ መኩሪያ ድንጋይ ተሸክመው፣ ሽበታቸውን ደፍተው፣ ከበሩ ጀምሮ ጎንበስ ብለው መጡ። ታደለች አላስቻላትም። በግራ እጇ ክንዳቸውን ይዛ፣

«ይነሱ፣ አባቴ! ሆን ብለው አላደረጉት። ከልቤ ይቅር ብያለሁ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ አየለ?»

አሁን እንኳ መናገር እችል ነበር። ተነስቼ ያን ድንጋይ ከጫንቃቸው ተቀብዬ በራሴ ላይ ማድረግ ነበረብኝ። እኔ ምን አልኩ? «እኔም ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ጋሽ መኩሪያም ጉልበቴን ስመው አመሰገኑኝ።

ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ።

ዛሬ አልነዳም። ክኒኔን እውጣለሁ፣ የቡና መጋዘን እጠብቃለሁ። ሰው አደጋው አስፈርቶት ነው እያለ ያዝንልኛል። በሽታው ነው እንዳትሉልኝ። በሽታው መሪውን ቀማኝ እንጂ ምላሴን አልነካውም። ያን ቃል የተናገርኩት ነቅቼ ነው፤ ነቅቼም ደገምኩት፤ ነቅቼም ይቅር ባይ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ በሕይወት አሉ። ለመጪው እሑድ እነሱንም፣ የጋሽ መኩሪያን ባለቤትም ታደለች ቤት እንዲመጡልኝ ጠርቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ይህን ወረቀት ቆሜ አነበዋለሁ። ታደለች ይቅር እንድትለኝ አልለምናትም። የምለምናት ያኔ ለጋሽ መኩሪያ የሰጠችውን ይቅርታ መልሳ እንድትወስደው ነው። እሳቸው አያስፈልጋቸውም ነበር።