ማንም ያልነካት ጽጌረዳ

ልጅ ሳለሁ በከተማችን በሐይቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ዝም ሲል አያቴ አባባ ይማም ወደ ከሰል ማንደጃው ጠጋ ብለው ተረት ይጀምሩልኝ ነበርና።

ያኔ እናቴ ለሥራ ጅዳ ነበረች። ከመሄዷ ከጥቂት ዓመታት በፊት በረንዳው ጥግ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ተክላ ነበር፤ እሷ ከሄደች በኋላ ልታሳድገኝ የመጣችው አክስቴ ዘሃራ «የእናትሽ እጅ ናት፣ ማንም እንዳይነካት!» ብላ ስለከለከለች ለዓመታት አንዲት ቅርንጫፍ የቆረጠ ሰው አልነበረም። ጽጌረዳዋ ግን ግንዷ ደርቆ፣ እሾኋ በዝቶ፣ አበባዋ ጠፋ። እናቴ ለአረፋ እንደምትመጣ ደውላ ስትነግረን አክስቴ፣ ይህን አይታ ከምታዝን ነቅለን ከደሴ አዲስ ችግኝ እናምጣ አለች። እኔ እናቴ ጽጌረዳዋን ካጣች ተመልሳ የምትሄድ ስለመሰለኝ ወደ አባባ ሮጥኩ።

በዚያ ምሽት መብራት ጠፋ። አባባ ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ ለልጆቿ ከመሳሳቷ የተነሳ አንዱንም ከቤት ስለማታስወጣ እናት አወሩልኝ፤ ድስቷ አንድ፣ ልጆቿ ብዙ፣ የሚጠግብ የለም። ታላላቆቹ ወጥተው ጎጆ ሲቀልሱ ነው ታናሾቹ የጠገቡት።

«አልናፈቋትም?» አልኩ።

«ወላሂ ናፍቀዋታል፣ ልጄ! ግን ሁሉም በልቶ አደረ።»

ጠዋት አባባ መጋዝ ይዘው ወጡ። ደረቁን ሁሉ ቆርጠው አጭር ጉቶ አስቀሩልኝ። «ገደሏት!» ብዬ ሰፈሩን በጩኸት አስወጣሁት። እሳቸው እየሳቁ ከአጥማጆች የለመኑትን የዓሣ ጭንቅላት ማዳበሪያ እንዲሆናት ሥሯ ቀበሩ፤ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ለቅሶ የሚደርስ ይመስል ተሰበሰበና እንዳይቆፍረው ድንጋይ ጫኑበት።

ዝናቡ ሲዘንብ ከጉቶው ቀያይ ቡቃያ ወጣ፤ ለአረፋ አበባዋ ፈካ። ተረቱ ለምን እንደተነገረኝ ያኔ ገባኝ፤ ድስቷ ሥሯ፣ ልጆቿ ቅርንጫፎቿ ነበሩ። እናቴ ከባጃጅ እንደወረደች እጇን ይዤ ወደ በረንዳው ጎተትኳት። አክስቴ ቀድማ፣ «አባባ ናቸው የቆረጧት፣ እኔ የለሁበትም!» አለች።

እናቴ ሳቀች። «እስካሁን ሳትቆርጧት ነው የቆያችሁት? እኔ እኮ በየዓመቱ ነበር የምገርዛት!»

አክስቴ የምትገባበት ጠፋት፤ አባባ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እናቴ ዳግመኛ ጅዳ አልሄደችም። በዓመቱ የመግረዣ መቀስ ሰጠችኝ፤ እኔም ደረቁን ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። እኛ ጽጌረዳዋን ከናፍቆት ብዛት ሳንነካት ልንገድላት ነበር፤ የተከለቻት ግን ስትወዳት መቀስ ትይዝ ኖሯል።