በጥርሳቸው የሚያዳምጡት ሽማግሌ

የኤቬሊዮ የሰባ ዓመት ዕድሜ ያላት ታክሲ በማታንሳስ ከተማ የባሕር ዳርቻ ጥጓን ይዛ፣ ሞተሯ እንደተነሣ ትንቀጠቀጣለች። ከባሕሩ መከለያ ግንብ ላይ አንድ የማያውቃቸው ሽማግሌ ተነሥተው መጡ። ሸሚዛቸው ጥርት ብሎ ተተኩሶ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ጫማቸውን ግን ያሰሩት በዓሣ መረብ ክር ነው። በእጃቸው የያዙት የመጥረጊያ እንጨት ብቻ ነው።

«ጆሮዬ ከዳኝ» አሉና የእንጨቱን ጫፍ በተከፈተው ኮፈን በኩል ሞተሩ ላይ አስደግፈው ሌላውን ነከሱት።

«አባባ፣ የቀረችዎትን ጥርስ እንዳያስወልቁ!» አለ ኤቬሊዮ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትከሻቸው ማዕበል እንደሚያነሣው ሁሉ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር።

«ሦስተኛው የናፍጣ ቱቦ አየር ይዟል» አሉ በመጨረሻ። «ደግሞ ይሄ የመኪና ሞተር አይደለም፤ የጀልባ ነው።»

ኤቬሊዮ ክው አለ። ሞተሩን ከዓሣ አጥማጅ መግዛቱን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

ሽማግሌው መፍቻ ተቀብለው የቱቦውን ዳዶ ላላ አደረጉት፤ ናፍጣው አረፋውን ተፍቶ ሲጨርስ መልሰው አጠበቁት። መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። እሳቸው ግን እንጨቱን እንደገና ነክሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ደቂቃዎች አለፉ። ኤቬሊዮ ትከሻቸውን ነካ አደረገና ሞተሩን ሊያጠፋ በመስኮቱ በኩል እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድ፣ ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው አዩት።

«ተው ልጄ» አሉ እንጨቱን ለአፍታ ለቀቅ አድርገው፤ «ገና ወደብ አልገባንም።»