ቢሮክራት የተባሉት አባቴ

የታሪክ መምህር ነኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ጠመኔ ስበላ ኖሬያለሁ። የመሬት አዋጁ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን ማስረዳቱን እተዋለሁ፤ ተማሪዎቼ የቸኮልሁ ይመስላቸዋል። ሰሌዳው ላይ ማስታወሻ ጽፌላቸው፣ ፈተና ላይ ይመጣል ብዬ አስፈራርቻቸው አልፋለሁ። ስለ መሬት የማውቀው ዋናው ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም።

አባቴ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ከመኪናው መንገድ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ባለ ቀበሌ ገበሬ ነበሩ። በልጅነታቸው ድቁና ስለተማሩ ዳዊት ይደግማሉ፣ ጽሕፈትም ያውቃሉ። ጣጣቸው የመጣው ከዚህ ነው። በደርግ ጊዜ አገሬው ተሰብስቦ፣ ፊደል የሚያውቅ ሰው ሌላ የለንም ብሎ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ አደረጋቸው። ቢለምኑ ማን ሰምቷቸው! አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሰውን ድንበርና ጠብ ሲመዘግቡ ከርመው፣ አዝመራዬ ጠፋ ብለው አልቅሰው ወጡ። ከዚያ ሹመት ያተረፉት የወገብ ሕመም ብቻ ነው።

መንግሥት ተለወጠ። እኔም መምህር ሆኜ እዚያው ቀበሌያችን ትምህርት ቤት ተመደብሁ። በሁለተኛው ዓመት መሬት እንደገና ሊደለደል ነው ተባለ፤ እኛን መምህራንን ጠሩንና የገበሬውን ቅጽ ሙሉ አሉን። ዋንዛው ሥር አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ቅጹ ላይ “በቀድሞው ሥርዓት የነበረው ኃላፊነት” የሚል መስመር ነበር።

ገበሬው ማንም ሳይመክረው፣ ሹመቱን የተናገረ እንደሚጎዳ ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል። አንዱ ስንት ዓመት ሊቀ መንበር ሆኖ አገር ያንቀጠቀጠ ሰውዬ ፊቴ ቆሞ፣ “ኧረ እኔ ምኑን አውቀው ልጀ! በሬየን ተከትየ የኖርሁ ሰው ነኝ” አለኝ። እየሳቅሁ “የለም” ብዬ ጻፍሁለት። ለሁሉም “የለም” ብዬ ጻፍሁ።

አባቴ በዚያ ቀን ወንዝ ዳር ካለችው ማሳቸው በርበሬ ሲኮተኩቱ ነበር። እኔው ልጃቸው ስላለሁ መምጣትም አላስፈለጋቸውም። ቅጻቸውን ሳልጠይቃቸው ሞላሁት። መስመሩ ላይ ስደርስ ኩራት ያዘኝ። “የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ” ብዬ ጻፍሁ፤ አልበቃ ብሎኝ “በታማኝነት ያገለገሉ” የሚል ጨመርሁበት። ክብር የሚሆናቸው መስሎኝ ነበር። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አዲሱ የአሮጌውን ሰው ምን እንደሚያደርገው ስንት መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ያነበብሁት ነገር የእኛን ደጅ ይረግጣል ብዬ አላሰብሁም። የእኔ ዓይነቱ የተማረ ደንቆሮ ነው አገር የሚያጠፋው።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። ከወረዳ የመጣው ካድሬ ልጅ እግር ነው፤ ትሑትም ነበር፣ ያ የበለጠ ያናድደኛል። በደርግ ጊዜ ሹመት የነበራቸው ቢሮክራቶች አራት ቃዳ መሬት፣ አንድ ሄክታር መሆኑ ነው፣ ብቻ ቀርቶላቸው ሌላው ለመሬት አልባ ይሰጣል ብሎ አስረዳ። አንዲት አሮጊት፣ “ቢሮክራት የሚሉት ምን ያለ በሽታ ነው?” ብለው ጠየቁ። ሰዉ ሳቀ። በዚያ ቀን ከዚያ ወዲያ የሳቀ ሰው አላየሁም።

የአባቴ ስም ተጠራ። ካድሬው ወረቀቱን ዘረጋላቸውና፣ “አባባ፣ ይህን ቅጽ ያስሞሉት እርስዎ ነዎት?” አላቸው።

ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ያዙት። በሕይወታቸው አይተውት አያውቁም። ቀስ ብለው እስከ ታች አነበቡት።

“አዎ፣ እኔ ነኝ” አሉ።

እኔ ከመምህራኑ ጋር አግዳሚው ላይ ነበርሁ። ተነስቼ፣ እሳቸው አልተጠየቁም፣ እኔ ነኝ በገዛ እጄ የጻፍሁት፣ ካገለገሉም አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው ማለት እችል ነበር። ምናልባት ይሰሙኝ ነበር። ምናልባትም ለቢሮክራት አባቱ ይዋሻል ብለው ከሥራ ያባርሩኝ ነበር። ጫማዬ ላይ ጭቃ ነበረበት፤ እሱን እያየሁ ተቀመጥሁ። ቢሮክራት ናቸው ተባለ፤ ተጨበጨበና ሌላ ስም ተጠራ።

በሳምንቱ የመሬት መለኪያ ገመድ ተይዞ መጣ። የወንዝ ዳሯ ማሳ አዲስ ለተጋቡ የጎረቤት ልጆች ደረሰች። እርግማን እንኳ አልቀናኝም፤ ልጆቹ አንድ ቃዳ መሬት አልነበራቸውም፣ እነሱስ ምን ይብሉ? አባቴ ራሳቸው ድንበሩን አሳዩአቸው፣ ውኃ የሚቋጥረው በየት በኩል እንደሆነም ነገሯቸው። ከዚያ ቤት ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ቀን ሲተኙ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ዓመታት አለፉ። እናቴ ስትሞት፣ እኔም ወደ ፍኖተ ሰላም ስዛወር፣ አራቱን ቃዳ ለታናናሾቼ ትተው እኔ ዘንድ መጡ። ቀኑን ሙሉ አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው ባጃጁንና ጋሪውን ያያሉ። ከቡሬ የመጣ መንገደኛ ካገኙ፣ “የበርበሬው መደብ እንዴት ነው? በቅሏል?” ይላሉ። እጃቸው ሥራ አጥቶ ጉልበታቸውን ሲያሽ ይውላል። እኔ ደግሞ ያኔ ትምህርት ቤታችን ውስጥ መንግሥት ያደራጀው የአንድ ለአምስት ቡድን ጸሐፊ ነበርሁ፤ አልፈልግም ማለት አይቻልም። ይህ መንግሥት ሲሄድ ልጄ ስለ እኔ ምን ብሎ ይጽፍ ይሆን እያልሁ እጨነቃለሁ። ማምለጫ የሌለው ነገር ነው።

አንድ የግንቦት ከሰዓት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ እንዳባራ፣ አጠገባቸው ተቀመጥሁና ተነፈስሁት።

“አባየ፣ ያን ወረቀት የሞላሁት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ለምን የኔ ነው አሉ?”

“መሬቱ ይሄዳል፤ ከሄደ በኋላ አንተንም ከእንጀራህ ላፈናቅል?” አሉኝ። ለእሳቸው ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

“ተው፣ ተው። ወረቀቱ የሚያመጣውንስ አላወቅህም፤ ልጅ ነበርህ። ደግሞም አክብረህ ነው የጻፍህ፣ አንብቤዋለሁ።” ትከሻዬን ለቀቁ። “አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን እዚያ ሁሉ ሰው መሀል ብቻየን ቆሜ ዓይንህን ስፈልግ፣ ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለህ ሳታየኝ?”

አሁንም ያየሁት ጫማዬን ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ፤ ጥያቄውን አልደገሙትም፤ እኔም ሳልመልስላቸው ሞቱ።