ፈርን ያመጣችው

ወንድሜ ኖርማን ቴልፈር የሚጸየፈው ነገር ያልነበረው ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የወረዳው መንገድ ሠራተኛ ሆኖ ቦይ ሲጠርግ ኖሯል። የሞተ በግ ከውኃ መውረጃ ውስጥ በእጁ ጎትቶ ያወጣል፣ እጁን ሣር ላይ ይጠርጋል፣ ከዚያ ከኪሱ ዳቦውን አውጥቶ ይበላል። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። የሳህን መጥረጊያ ጨርቅ እንኳ ቀቅዬና ተኩሼ ነው የማስቀምጠው፤ የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን ብዙ ሰው አያምንም። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ አብሬው እኖራለሁ። ልጁ ሎርናም ከባሏ ተለያይታ ሕፃኗን ኤፊን ይዛ ከእኛው ጋር ናት። ስለ እሱ የምጽፈው ብዙው ነገር የሚሸት ነው፤ ምን ላድርግ፣ ኑሮው እንደዚያ ነበር።

በእኛ ሸለቆ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በትልቁ ርስት ላይ ፌዛንት ይታደናል። ፌዛንት ጭራው ረጅም የሆነ፣ ሥጋው ከዶሮ የሚበልጥ ወፍ ነው። ከከተማ የመጡ እንግዶች ይተኩሳሉ፤ የመንደሩ ሰው ቁጥቋጦውን በዱላ እየደበደበ ወፎቹን ያስነሣል፤ ከተኳሾቹ ኋላ ደግሞ ውሻ የያዙ ለቃሚዎች ይቆማሉ። ለቃሚ የወደቀውን ሁሉ ፈልጎ ያስገኛል፣ የቆሰለውን ቶሎ ከሥቃይ ይገላግላል። ኖርማን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በዚያ መስመር ላይ ቆሟል። ቀኑ ሲያበቃ ለእያንዳንዱ ለቃሚ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ፌዛንት በገመድ ታስረው ይሰጡታል። እሱም በረንዳችን ላይ አንገታቸውን አንጠልጥሎ እስኪለሰልሱ ድረስ ያቆያቸዋል። በእነሱ ሥር ጎንበስ ብሎ ማለፍ ምን ያህል እንደሚቀፍ አልናገርም።

«ኖርማን፣ ይሄኛው ሆዱ አረንጓዴ ሆኗል» እለዋለሁ።

«እትዬ፣ የሚበላ ነገር ነው። የተገደለ ነገር ከተበላ ምን ነውር አለው?»

አሮጌው ውሻው ሲሞት ግን ነገር ተበላሸ። የርስቱ አደን ኃላፊ ጋቪን ክሮዚየር ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ፣ «ጋሼ ኖርማን፣ ውሻ የሌለው ለቃሚ ምን አደርገዋለሁ? እርስዎ አያሸትቱልኝ!» አለና ሳቀ። ኖርማንም አብሮት ሳቀ። ያን ዓመት ቅዳሜ ሲመጣና ተኩሱ ከኮረብታው ሲሰማ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይቀመጥ ነበር። ሻዩ ይቀዘቅዛል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰው የሚፈልገው በዚያ መስመር ላይ ብቻ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ወደዚያ መመለስ ካልቻለ ያ ወንበር እንደሚቀብረው አየሁ። ስለዚህ ቡችላ ልንመርጥ እንሂድ ሲለኝ፣ የቤቴን ወለል እያሰብኩ አብሬው ሄድኩ።

ወይዘሮ ዊልማ ሆግ ከወንዙ ማዶ ያለች ገበሬ ናት። ላብራዶር ውሻዋ ጥቋቁር ቡችሎች ወልዳ ነበር። ጊዜው በጎች የሚወልዱበት ስለነበር ግቢው ሁሉ ጭቃ፣ ደምና የኮመጠጠ ወተት ይሸታል። እኔ መሐረቤን አፍንጫዬ ላይ ይዤ አጥሩ ጋ ቆምኩ።

«ኢሶቤል፣ ግቢ እንጂ! ጭቃ አይናከስም!» አለች ዊልማ።

«ደህና ነኝ፣ ወይዘሮ ዊልማ፣ እዚሁ ይሻለኛል።»

ኖርማን ቡችሎቹን ከማየቱ በፊት እናቲቱን አየ። አይኗን፣ ጥርሷን፣ አረማመዷን አይቶ፣ ሰው ወደ ልጆቿ ሲጠጋ ታጉረመርም እንደሆነ ተመለከተ። ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጠበቀ። አንዱ ቡችላ የጫማውን ክር ነከሰ። ሌላው ደፋር መስሎ ጮኸበት።

«ይሄ ነው ወንዱ! አንበሳ ነው፣ እሱን ውሰድ» አለች ዊልማ።

«አንበሳ ሶፋዬ ላይ ምን ይሠራልኛል?» አለ ኖርማን።

በዚህ መሃል አንዲት ትንሽ ሴት ቡችላ ከበጎቹ ጋጣ ሥር አንድ ነገር እየጎተተች መጣች። የበግ እንግዴ ልጅ ነበር። ጭቃና ገለባ የተጣበቀበት፣ ገና የሚያሙለጨልጭ ነገር ነው። እየወደቀችና እየተነሣች አምጥታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት፤ አስቀምጣም ቀና ብላ አየችው። መሐረቤን ይበልጥ ወደ አፍንጫዬ ጫንኩ። ወንድሜ ግን ያንን ነገር በሁለት እጁ፣ ከቄስ እጅ ቁርባን የሚቀበል ይመስል፣ ተቀብሎ «ጎሽ የኔ ልጅ! እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

«ይቺ ናት» አለ።

በመኪና ስንመለስ ቡችላዋ ጭኔ ላይ አስመለሰች።

ስሟን ፈርን አልናት። የእሷ አስተዳደግ በቤታችን አንድ ሕግ አመጣ፤ ሕጉም ምን ጊዜም ለቃሚዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ለቃሚ ውሻ ያገኘችውን ነገር አፏን ሳታጠብቅ እስከ ሰው እጅ ማምጣት አለባት። ቡችላ ሳለች አንድ ጊዜ ስላመጣችው ነገር ከተቆጧት ወይም ከነጠቋት፣ ሁለተኛ አታመጣም፤ ሸሽታ ትበላዋለች ወይም መንገድ ላይ ጥላው ትመጣለች። ስለዚህ ምንም ታምጣ ምን፣ እጅ ዘርግቶ መቀበልና ማመስገን ነው። ተመስግና ዞር ስትል፣ ያን ጊዜ መጣል ይቻላል።

ያመጣችውን ሁሉ ብጽፍ አንባቢ ምሳውን ይተዋል። የደረቀ እንቁራሪት አመጣች። የጎረቤት ድመት የተፋችውን የአይጥ ጭንቅላት አመጣች። የኤፊን የቆሸሸ ዳይፐር ከባልዲው አውጥታ፣ ቄሱ ሻይ ሊጠጡ በተቀመጡበት ሰዓት፣ ጭራዋን እየቆላች ሳሎን ገባች።

«አባዬ፣ በቃኝ!» ሎርና ጮኸች። «ወይ ውሻዋ ወይ እኔ!»

«ቀስ በይ፣ ልጅቷን ታስደነግጫታለሽ።»

«የቷን ልጅ?»

«ፈርንን ነዋ» አለና ተንበርክኮ ዳይፐሩን ተቀበለ። «ጎሽ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ቄሱ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። እኔ ምንጣፉን በሶዳና በኮምጣጤ ፈተግኩት።

ከማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከእንጆሪ ማርማላታዬ አጠገብ፣ ለልምምድ የሚሆን የሞተ እርግብ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። እያወጣ ሣር ውስጥ ይደብቅላታል፤ ፈልጋ ስታመጣለት መልሶ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ማርማላታ ቀምሼ አላውቅም። ደግሞ ሕጉ ወደ ኤፊ ተላለፈ። አንድ ቀን ወጥ ቤት ስገባ ሕፃኗ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ፍልፈል በጭራው ይዛ፣ «ጎስ ፌን! ይስጥልን!» ስትል ደረስኩ። እሪ አልኩ። እሪታዬ እስከ መንገድ ተሰማ አሉ።

ይህን ሁሉ እየተጸየፍኩ፣ አንድ ነገር ግን መካድ አልችልም። ኤፊ ጆሮዋን ስትጎትት ፈርን አይኗን ጨፍና ትታገሣት ነበር። ከሱፍ የሠራሁላትን አሻንጉሊት በአፏ ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ አንዲት ክር አትመዝም። ኖርማንም ወንበሩን ከመስኮቱ አዞረ። ማለዳ ተነሥቶ ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያደርግና ይወጣል፤ ሲመለስ ጉንጩ ቀልቶ፣ እርጥብ ውሻ እየሸተተ፣ የቀረበለትን ሁሉ ይበላል።

በሁለተኛው ዓመት፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ ጋቪን መጥቶ ፈርንን ሜዳ ላይ ሞከራት። «ጋሼ፣ ይቺማ ከእርስዎ ትሻላለች» አለ። «ቅዳሜ ይምጡ። ቀኑን ከጨረሰች ቦታዎ ቦታዎ ነው፣ እስከ ዕለተ ሞትዎ።»

ያን ቅዳሜ እኔም ሄድኩ፤ ለእንግዶቹ ምሳ ሾርባ የምትቀዳ ሴት ታማ ስለነበር ለመኑኝ። ምሳው ከትልቁ ጥድ ደን በታች፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። ያ ዓመት ሞቃትና እርጥብ ስለነበር ዝንቡ እንኳ ገና አልጠፋም። ከጠዋቱ የተገደሉት ወፎች ረድፍ ረድፍ ሆነው ሣሩ ላይ ተዘርግተው ነበር፤ እንደዚያ ብዙ አይቼ አላውቅም። ጭልፋውን እያማሰልኩ ማን ይሆን ይህን ሁሉ የሚበላው ብዬ አሰብኩ።

ፈርን ጠዋቱን ሙሉ ሳታፍር ሳታሳፍር ሠርታለች። ኖርማን ሾርባውን ሲቀበለኝ አይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

«እትዬ፣ አየሻት?»

«አየኋት» አልኩት።

ያኔ አንድ ወፍራም እንግዳ፣ አፉን በዳቦ እንደሞላ፣ «ሽማግሌው! አንዷ የመታኋት ወፍ ቆስላ ወደ ጥዱ ገብታለች። ያቺን ቆንጆ ላካት እስቲ» አለ።

ኖርማን «ሂጂ፣ ፈልጊ» ብሎ በእጁ አመለከታት። ፈርን አፍንጫዋን ለነፋሱ ሰጥታ ደኑ ውስጥ ገባች።

ጋቪን ከጠረጴዛው ማዶ ብድግ አለ። «ወደዚያ አይደለም፣ ጋሼ! ይጥሯት!»

አልተረዳነውም። ወዲያው ግን ሽታው ከእሷ ቀድሞ ደረሰ። ፈርን ከዛፎቹ መሃል እየሮጠች ወጣች፤ አፏ ውስጥ ፌዛንት አለ፤ ግን የዛሬ ፌዛንት አይደለም። ክንፉ ተልጦ ወርዷል፣ ሆዱ ፈርሷል፣ ነጫጭ ትሎች ከእሱ እየረገፉ ደረቷ ላይ ተጣብቀዋል። በእንግዶቹ ሁሉ መሃል አልፋ፣ አፏን ሳታጠብቅ፣ ቀጥ ብላ ወደ ወንድሜ መጣችና ተቀመጠች። ቀና ብላም አየችው።

አንዲት ሴት እንግዳ ሳህኗን አስቀምጣ ፊቷን አዞረች። ወፍራሙ ሰውዬ «ምንድን ነው ይሄ? ኧረ አርቁልኝ!» እያለ አፍንጫውን ያዘ።

«ይግፏት!» አለ ጋቪን። «ይቆጧት እንጂ፣ ጋሼ! በአለንጋ ይበሏት!»

ኖርማን ሾርባውን አስቀመጠና ተንበረከከ። ሁለት እጁን ዘረጋ። «ጎሽ የኔ ልጅ» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ።» ወፉን ሣሩ ላይ፣ ከጠዋቱ ወፎች ረድፍ መጨረሻ ላይ፣ አስተካክሎ አጋደመው። እሷ ግን የቆሰለችዋን እንዳላመጣች ታውቃለች መሰለኝ፣ ሳይልካት ዞራ ደኑ ውስጥ ገባች። ሌላ አመጣች። ያኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር።

«ጋቪን፣ ይሄ መቼ የተገደለ ነው?» አለ ኖርማን ቀስ ብሎ።

«ሌላ ጊዜ እናወራለን።»

«ጥዱ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

ጋቪን ቀርቦ ጎንበስ አለ። ድምፁን ቢቀንስም፣ ድስቱ አጠገብ ስለነበርኩ ሰማሁት። «ጉድጓድ ነው፣ ጋሼ። ማን ይግዛን? ሥጋ ሻጩ ከሚችለው በላይ ነው የሚገደለው፤ እንግዶቹ ደግሞ መተኮስ እንጂ መብላት አይፈልጉም። የትም ቦታ እንዲሁ ነው። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ‹ተይ› ይበሏትና ገመዷን ያጥብቁ። እኔም አልከፋ፣ ቦታዎም አይነካ።»

ፈርን ሦስተኛውን ይዛ እየመጣች ነበር። የወንድሜን ፊት አየሁት። ያን ሁሉ ዘመን የበሰበሰ በግ ሲጎትት አይቼበት የማላውቀውን መልክ አየሁበት፤ ከንፈሩ በመጸየፍ ተሸመቀቀ። ፊሽካው አንገቱ ላይ ነው፤ አንዴ ቢነፋው ትቆማለች። አልነፋውም። እጁን ዘረጋ።

«ጎሽ» አላት።

ከዚያ ገመዷን አሰረላት፣ ቆቡን አነሣልኝና ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ጋቪን ከኋላው «የቀን ድርሻዎን አልወሰዱም!» ብሎ ጥንድ ወፍ አንጠልጥሎ ጠራው። ዞሮም አላየው። ወፍራሙ ሰውዬ ሾርባ ይጨመርልኝ ሲል ሰማሁ። እኔ ለሰው ቀና ብዬ መልስ ሰጥቼ የማላውቅ ሴት ነኝ። ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቅቄ፣ ሽርጤን ፈትቼ፣ ወንድሜን ተከተልኩ።

ቤት ስንደርስ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍቶ፣ «እትዬ፣ ሳሙና ስጪኝ» አለኝ። በሕይወቱ ጠይቆኝ አያውቅም። ታጠበ፣ አሸተተ፣ እንደገና ታጠበ። ራት አልበላም። «እንደ ቆሻሻ» ይላል እጁን እያየ። «ያን ሁሉ ዓመት እየለቀምኩ ያስረከብኩት... እንደ ቆሻሻ።» ኮቱን ጓሮ አውጥቼ አቃጠልኩት። ፈርንን ሎርናና እኔ በሙቅ ውኃ አጠብናት፤ ትሎቹን ከፀጉሯ የለቀምኩት በጣቴ ነው፤ እንዴት እንደቻልኩ አላውቅም።

የዚያ መስመር ነገር በዚያው አበቃ፤ ጋቪን ከእንግዲህ አትምጣ የሚል ቃል ላከበት፤ እሱም አልፈለገም። ወንበሩ ወደ መስኮቱ ይዞራል ብዬ ፈራሁ። ነገር ግን መንደር ወሬ አይደብቅምና ዊልማ በማግስቱ በቦት ጫማዋ ወለሌን እያጨቀየች ገባች።

«አንተ ሽማግሌ፣ እኛ ታች ረግረጉ ላይ ለድስታችን የሚበቃ ዳክዬ ብቻ ነው የምንተኩሰው። የእኔ ውሻ አርጅታለች። ልጇን ይዘህ ትመጣለህ ወይስ አኩርፈህ ትቀመጣለህ?»

አሁን ከእሷ ጋር ይወጣል። አንዳንዴ አንድ ዳክዬ፣ አንዳንዴ ባዶ እጁን ይመጣል። ላባውን የምነጨው እኔ ነኝ፤ ከልቤ እጠላዋለሁ፤ ግን አንገቱን እንኳ አልጥልም፣ ቀቅለን ለፈርን እንሰጣታለን።

ርስቱ ላይ ተኩሱ እንደ ቀድሞው ነው። ጉድጓዱን አፈር አልብሰው፣ ከሱ እልፍ ብሎ ሌላ ቆፈሩ ይባላል። ነፋሱ ከጥዱ በኩል ሲመጣ የሚያቅለሸልሽ ነገር ይዞ ይመጣል። ድሮ እንዲህ ሲሸት መስኮት የምዘጋው እኔ ነበርኩ። ዛሬ እኔ ሳልነሣ ቀድሞኝ የሚዘጋው ኖርማን ነው።