ንፋስ የመስበር ተራ፦ ከጋሉስ ፌልድበርግ፣ ደርሶ መልስ

ጎሕ ሲቀድ፣ ጋሉስ፣ ፍራንክፈርት

ስሜ ትዕግስት ነው። ስሙን ሲያወጡልኝ ገና አላወቁኝም ነበር። የስልኬ ደወል ሳይጮህ ተነስቼ የብስክሌቴን ጎማ ነፋሁ፣ አልበቃ ብሎኝ ደግሜ ነፋሁ። ኮዳዬን ሞልቼ ደፋሁና እንደገና ሞላሁ። ከቤት ስወጣ ትራሙ ባዶውን ይሄዳል። ከኤርፖርት የሌሊት ሥራ የተመለሱ ሰዎች ፌርማታው ላይ ያዛጋሉ። አንዱ ከነጠባብ ሱሪዬ አየኝና በአማርኛ "በዚህ ሰዓት ወዴት ነው?" አለኝ። "ተራራ" አልኩት። ሥራ የፈታሁ መስዬው ራሱን ነቀነቀ።

የክለባችን የመጀመሪያ ቡድን በነሐሴ ወደ ሞዝል ወንዝ የሦስት ቀን ጉዞ አለው። ማን እንደሚሄድ የሚወስነው የቡድኑ መሪ ሃይኮ ሲሆን፣ የሚወስነው ደግሞ በዛሬው መንገድ ነው። እኔ ከምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ፈቃዴን ወስጃለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት ይህንን ጉዞ ነው። ዛሬ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የራሴ ጉዳይ አይደለም። ጋሽ ኪዳነ ናቸው።

ጋሽ ኪዳነ አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ተምረው፣ ፍራንክፈርት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ኒዳ ወንዝ ዳር ጎማዬ ተንፍሶ ብቻዬን ስራገም ደረሱብኝ። ጠግነውልኝ ሲያበቁ "እንዲህ ከተናደድሽ ጉልበት አለሽ ማለት ነው" ብለው ወደ ክለቡ ወሰዱኝ። ባለፈው ወር ግን አንድ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ከዚያ ወዲህ የሃይኮ ዓይን ከእሳቸው አልነቀል ብሏል። ዛሬም ከደከሙ ወደ ሁለተኛው ቡድን ይወርዳሉ። ሁለተኛው ቡድን በየመንደሩ ለኬክ የሚቆም ቡድን ነው። እኔ እያለሁ አይሆንም ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ።

ማለዳ፣ ሮደልሃይም

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ተሰባሰብን። ሃይኮ እንደ ልማዱ የሁላችንንም ፍሬን በዓይኑ ፈተሸ። ጋሽ ኪዳነ ነጭ ካልሲያቸውን እስከ ባታቸው ስበው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሠርግ የሚሄዱ መስለው ቀረቡ።

የቡድን መንገድ ሕጉ አንድ ነው። ከፊት ያለው ንፋሱን ይሰብራል፣ ከኋላው ያለው ተከልሎ ያርፋል፣ የፊተኛው ሲበቃው ክርኑን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ጎን ይወጣል፣ ቀጣዩ ይተካል። ሁሉም በተራው። ወደ ኦበርኡርዘል በሚወስደው መንገድ የጋሽ ኪዳነ ተራ ሲደርስ ከጎናቸው ሹልክ ብዬ ከፊት ገባሁ።

"ተራው የኔ ነው" አሉኝ።

"ግድ የለም ጋሼ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ። እኔን ዛሬ እግሬን በልቶኛል።"

ከኋላዬ ገቡ። ይህንንም ምርቃት አድርጌ ወሰድኩት። ዙሩ ተመልሶ ሲደርስም እንደዚያው አደረግኩ።

ረፋድ፣ ፌልድበርግ

ጫካው ውስጥ ጥላ አለ፤ ዳገቱ ግን ጥላ አያውቅም። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ አለቀ ሲሉት ሌላ ይወልዳል። ሞተረኞች እያጓሩ ያልፉናል። ጋሽ ኪዳነ ከኮርቻቸው ሳይነሱ፣ ማርሻቸውን አቅልለው፣ አንድ ዓይነት ትንፋሽ እየተነፈሱ ወጡ። እኔ እሳቸውን ለማየት አሥሬ ስዞር ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ልወድቅ ነበር። "ፊትሽን ወደ መንገዱ" አሉኝ።

አናቱ ላይ ጉም ነበር። ቋሊማ የሚጠበስበት ሽታ፣ ሐምሌ ላይ ጃኬት የለበሱ ቱሪስቶች፣ በጉም የተዋጠ ማማ። ጋሽ ኪዳነ ከቡድኑ ሳይነጠሉ ደረሱ። ደስ አለኝ፣ ለሃይኮ እንኳ ፈገግ አልኩለት። ከዚያ ወደ ሽሚተን ቁልቁል ተለቀቅን። ከሽሚተን እስከ ኡዚንገን ያለውንም ንፋስ የእሳቸው ተራ በደረሰ ቁጥር እኔው ሰበርኩት። ጭኔ መንደድ ጀምሮ ነበር።

ቀትር፣ ኡዚንገን

ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጥን። አይብ ያለበት ዳቦና ቡና ስምንት ዩሮ፤ የተራራ ዋጋ ቁልቁል ወርዶ እዚህ ጠበቀን። ሃይኮ ወንበሩን ወደ ጋሽ ኪዳነ ጠጋ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ነገር አያሽሞነሙንም።

"ኪዳነ፣ ዛሬ አንዴም ከፊት አላየሁህም። ሞዝል ላይ ሁሉም መሥራት አለበት። ሁለተኛው ቡድን የሚሻልህ ይመስለኛል።"

ጋሽ ኪዳነ "ሰምቻለሁ" ብቻ አሉትና ተነሱ። ተከተልኳቸው። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ብስክሌቶቹ አጠገብ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔን እንድትጠብቂ ማን ቀጠረሽ?"

"ጋሼ፣ እንዳይደክሙ ብዬ እኮ ነው።"

"ልድከማ። ለመድከም አይደል የመጣሁት?" ድምፃቸው ከፍ አላለም። "ስሚ ጓለይ፣ ልጄ፣ የመጦሪያው ሽፍትሽ ትናንት አልቋል። እኔ ፍሌጌ፣ እንክብካቤ፣ አልጠየቅኩም።"

"ለሃይኮ ልንገረው። ተራዎን የነጠቅኩት እኔ ነኝ ልበለው።"

"ደሞ አፌም ልትሆኚ ነው? ተይው። ገና መንገድ አለ።"

ከማፈሬ በፊት ተናደድኩ። ለታላቅ መነሳት፣ ለታላቅ መልቀቅ ከልጅነቴ የተማርኩት ነው። በዚያ ላይ የእንጀራዬም ሥራ ይኸው ነው፤ ሐኪሙ አንዲቱን አሮጊት "እንዴት አደሩ?" ሲላት ቀድሜ "ደህና ተኝታለች" የምለው እኔ ነኝ። እሷ አፏን ከፍታ ትመለከተኛለች። እስከ ዛሬ ምን ልትል እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም። ይህን ሳስብ ንዴቴ በረደና አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ቬተራው

ከፍሪድበርግ በኋላ ዛፍ የለም። ሜዳው ሁሉ ስንዴ ነው፣ ግማሹ ታጭዶ አቧራው ይጨሳል። ንፋሱ ፊት ለፊት መጣ፣ ደረት ላይ እጅ አኑሮ እንደሚገፋ ሰው። ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ጋሽ ኪዳነ ተራቸው ሲደርስ ወደ ፊት ወጡ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ያን ያህል ከባድ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ ማለቴ፣ ዝም ብሎ ከኋላ መቀመጥ። ትከሻቸው መወዛወዝ ጀመረ። ማሊያቸው ጀርባ ላይ ላቡ ሰፋ። እግሬ ካልሄድኩ አለኝ፣ እጄን ፍሬኑ ላይ አድርጌ ራሴን ያዝኩት። ክርናቸው እስኪነቃነቅ ጠበቅኩ። ቆየ። ሌላው ሰው የሚወጣበት ጊዜ አለፈ፣ እሳቸው አልወጡም። ከኋላዬ አንዱ "ሽማግሌው ምን በልቷል?" ሲል ሰማሁ። በስተመጨረሻ ክርናቸውን ነቀነቁ፣ ወደ ጎን ወጡ፣ አፋቸውን በእጃቸው ጠርገው ወደ ኋላ ሄዱ። ከዚያም ተራቸው በደረሰ ቁጥር ወጡ።

እኔ ግን ጠዋት የሁለት ሰው ሥራ ሠርቻለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ ለእኔ የሚለቀምም አልተረፈኝ። ባድ ፊልበል ሳንደርስ ጉልበቴ ሙጥጥ አለ። ከፊቴ ካለው ጎማ አንድ ክንድ ራቅኩ፣ ቀጥሎ የመኪና ያህል፣ ከዚያ አንድ መንደር ያህል። ጋሽ ኪዳነ ዞር ብለው አዩኝ። ይቆሙልኛል ብዬ ፈራሁ፣ እንዲቆሙልኝም ፈለግኩ። እጄን አንስቼ "ይሂዱ" የሚል ምልክት አሳየኋቸው። ሄዱ።

አመሻሽ፣ ሮደልሃይም

የኒዳን ዳር ይዤ ብቻዬን ገባሁ። ሌሎቹ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ግማሽ ብርጭቆ ጠጥተው ነበር። ሃይኮ "ኪዳነ፣ ተሳስቼ ነበር። ሞዝል ትመጣለህ" ሲል ደረስኩ። ልቤ ሞቀ። ቀጥሎ ወደ እኔ በአገጩ አመለከተና ጋሽ ኪዳነን ጠየቃቸው፦

"እሷስ? ትችላለች ትላለህ?"

ጋሽ ኪዳነ አፋቸውን ከፈቱ። እባክዎ ትችላለች ይበሉልኝ ብዬ በልቤ ለመንኩ፤ አንድ ቃላቸው ይበቃ ነበር። መልሰው ዘጉት።

"እዚሁ ተቀምጣለች። ራሷን ጠይቃት።"

ሃይኮ ጠየቀኝ። ሰበብ ነበረኝ፣ እውነተኛ ሰበብ። እሱን ባወጣው ግን ጠዋት የጋሽ ኪዳነን ተራ መሸፈኔ አብሮ ይወጣል።

"መምጣት እፈልጋለሁ" አልኩ። "ዛሬ ግን አልቻልኩም።"

"እንግዲያው ዘንድሮ ሁለተኛው ቡድን" አለ ሃይኮ።

ማንም አልተማለደልኝም። ጋሽ ኪዳነ ብርጭቋቸውን ያዩ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ላብ ነው እንዲሉኝ ፊቴን ሁሉ ጠረግኩ።

ሰዉ ሲበተን ሁለታችን ወደ ጋሉስ አቀናን። ንፋሱ አልተኛም ነበር። እንደ ልማዴ ልቀድማቸው ፔዳሉን ረገጥኩ፣ እግሬ እንቢ አለ። ጋሽ ኪዳነ ዞር ሳይሉ "ከኋላዬ ግቢ" አሉኝ።

እሺ አልኩና ገባሁ።