ለሲስተር መርዶ የሚነግር ጠፋ

እናቴን መካነ ሰላም ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሲስተር ናት። ለገበሬው ሲስተር፣ ለቄሱ ሲስተር፣ ሰክሮ ጭንቅላቱን ለተፈነከተውም ሲስተር። እኔ ራሴ አፌን የፈታሁት እማዬ ብዬ ሳይሆን ሲስተር ብዬ ነው እያሉ ሲስቁብኝ አድጌያለሁ። እሷ ያሳደገቻት ልጄም አንድ ቀን አያቴ ብላት አታውቅም። ጡረታ ወጥታ ጋዋኗን ከሰቀለች በኋላ እንኳ በራችን በተንኳኳ ቁጥር "ሲስተር አለች?" ነው። እሷም የመጣው ማን እንደሆነ ሳታይ ከውስጥ ሆና "አብሽር፣ ግባ" ትላለች። እስላሙም ክርስቲያኑም ያቺን አብሽር ሲሰማ ግማሽ በሽታው ይለቀው ነበር።

ደግ ነበረች ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉ። ደግስ ደግ ናት፤ ምላሷ ግን ከመርፌዋ ይብሳል። ቁስሉን በቡና ዱቄት ደፍኖ የመጣውን፣ ሚስቱ ምጥ ላይ ከርማ ከርማ ሲጨንቀው በቃሬዛ ያመጣትን ባል፣ ልክ ልኩን ነግራው ነው ወደ ሥራዋ የምትገባው። በወጣትነቷ ለክትባት በበቅሎ ከላላ ድረስ ስትሄድ፣ የመንደሩ ሴቶች መምጣቷን የሚያውቁት በቁጣዋ ነበር ይባላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ማንም ያውቀዋል፤ እሷ ግን ትኖርበት ነበር። ለታማሚው ያለበትን፣ እግሩ የሚቆረጥም ቢሆን፣ ፊት ለፊት ትነግረዋለች። ዘመድ ከጀርባዋ ሆኖ ዓይኑን ቢጠቅስ፣ እጇን ቢቆነጥጥ፣ አትሰማም። "እግሩ የራሱ ነው፤ ለራሱ ነው የሚነገረው" ትላለች።

ማንም ያልቀጠራት አንድ ሥራም ነበራት። እኛ አገር ሰው ርቆ የሞተበት መርዶውን የሚሰማው በማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ እሱ ከቤቱ ሳይወጣ። ሽማግሌዎቹ ታዲያ ሲስተርን ሳይዙ አይሄዱም። የደም ግፊት መለኪያዋን በቦርሳ ይዛ ከኋላ ትቆማለች፤ የሚወድቀውን ትይዛለች፣ ራሱን የሳተውን ታነቃለች። ከፊት የሚሆኑት ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ናቸው፤ ቄስ ናቸው፣ እኔም እንደ አገሩ መምሬ ነው የምላቸው። መምሬ በር ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ እንደምን አደራችሁ ይላሉ። አገሩ ይህን ስለለመደው ሲስተር በማለዳ ሰው በር ላይ ከታየች ገና ምንም ሳይነገር ጩኸት ይቀልጣል። ስለዚህ ፀሐይ ሞቅ እስክትል ድረስ የማንንም በር አታንኳኳም ነበር፤ እሳት ለመጫር እንኳ።

ስኳር ከያዛት ቆይቷል። ስኳሯን ተጠንቅቃ ይዛው ነበር። የጎዳት ጫማ ነው። ታናሽ ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ለፋሲካ ሽፍን ጫማ ገዝቶላት መጣ። ልጇ የገዛላትን ጫማ ጠበበኝ ልትል ነው? አትልም። ቤተ ክርስቲያን አድርጋው ሄደች፣ ለቅሶ አድርጋው ሄደች፣ ለጎረቤቱ ሁሉ እያሳየች ዞረች። ስንቱን ስኳርተኛ "እግርህን በየማታው እይ" ስትል የኖረች ሴት የራሷን ጣት ያየችው ከጠቆረ በኋላ ነው። ሐኪሙ ደሴ ሄዳ ጣቷ ይቆረጥ፣ ዛሬ ነገ አይባል አለ። እሷም አልተከራከረችም። ጣት ምን አላት፣ ካቆዩት ነው እግር የሚሆነው አለች፤ ስንት ሰው ላይ አይታዋለች።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ በኪራይ መኪና እንዳትንገላታ፣ እኔ ራሴ ነኝ የምወስዳት አለ። መተማ የሚያራግፈው ጭነት ነበረው፤ እሱን ጨርሶ እንደሚመጣ ነገራት። እሷም ልብሷን በፌስታል አዘጋጅታ አልጋዋ ሥር አስቀመጠች። ወንድሜ ግን መተማ አልደረሰም። መኪናው ተገለበጠ። ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነው። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር አስከሬኑን ማምጣት አልተቻለም፤ የሥራ ጓደኞቹ ያንኑ ቀን እዚያው ቀበሩት። ወንድሜን አፈር ሲያለብሱት አንድ የሥጋ ዘመድ አጠገቡ አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ መምሬ ሽማግሌዎቹን ይዘው መጡ። እኔ ውስጥ ሆኜ ቁስሏን እጠርግላት ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና መምሬ እግሯን አዩት። ከዚያ ወዲያ መግባት አቃታቸው። ጓሮ ወስደውኝ ስኳሯ ይነሳል፣ በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ እናወጣለን፣ መጀመሪያ ትታከም፣ ድና ስትመለስ ትረዳለች አሉ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ይሄ እኛ ዘንድ ከሕግም በላይ ነው። ነገ ደሴ ትሄዳለች ብዬ እኔም እሺ አልኩ። እንባዬን በቀሚሴ ጠርጌ ገባሁና ጨርቁን ጠቀለልኩላት።

ሄደች መሰላችሁ? ልጄ ሳይመጣ ንቅንቅ አልልም አለች። መንገድ ተዘግቶበት ነው አልናት፤ ይከፈታል አለች። እሱ ያለበት ኔትወርክ የለም አልናት፤ ሲኖር ይደውላል አለች። ውሸት እንዳያልቅብን መንገዱም የእውነት ይዘጋል፣ ኔትወርኩም የእውነት ይጠፋል። ደሴ ደርሶ እዚያ እየጠበቀሽ ነው ብንላት ይደውልና ድምፁን ልስማ አለች። በግድ እንውሰዳት ብለን አምቡላንስ ብናስመጣ ሹፌሩን በር ላይ መለሰችው። ምጥ የያዛት ሴት አትጠፋም፣ እሷን ውሰድ ብላ አብሽር ብላው አሰናበተችው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነርስነት የምታጠናው ልጄ ለአያቷ ሳትደውል አትውልም፤ አፏ እንዳያመልጣት ብለን ጋሼ እያለች የምትጠራው አጎቷ መሞቱን ለእሷም አልነገርናትም።

እግሩ ግን እኛን አልጠበቀም። ጥቁረቱ ከጣት ወደ መርገጫ፣ ከመርገጫ ወደ ቁርጭምጭሚት ወጣ። ሽታው ከቤት አልፎ ደጅ ይቀበላል። ቁስሉን የምጠርግላት እኔ ነኝ፣ የምታዘኝ እሷ ናት፤ ከንጹሑ ጀምሪ፣ ጨርቁን አታጥብቂው፣ እጅሽን ታጠቢ። እንደዚያ እያለችኝ እግሯን አታየውም። የምታየው ፊቴን ነው። ስጨርስ "ደወለ?" ትለኛለች። ኔትወርክ እኮ የለም እላለሁ። ፊቴን ደግማ ታያለች። ወጥቼ ግድግዳውን በቡጢ የመታሁበት ቀን አለ።

መምሬ ዘንድ ሄጄ ጮህኩባቸው። ቄስ ላይ መጮህ ነውር ነው፤ ነውሩን ተሸከምኩት። እህትዎ እየበሰበሰች ነው፣ ለማን ብለን ነው የምንደብቀው፣ ወይ ይንገሯት ወይ እኔ እነግራታለሁ አልኩ። ሳያቋርጡኝ አዳመጡኝና መስቀላቸውን እያሻሹ አለቀሱ።

"ልጄ፣ ለስንቱ ተናግሬያለሁ። እህቴን በአፌ ልግደላት?"

ምን ትሏቸዋላችሁ? ተናድጄ ገባሁ፣ አቅም አጥቼ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ እነግራታለሁ ብዬ፣ ደወለ ስትለኝ ኔትወርክ የለም አልኳት።

አንድ ማለዳ አጥሚት ይዤላት ስገባ አልጋው ባዶ ነው። ፍራሹን መሬት አውርዳ ከላዩ ተቀምጣለች። በዚያ እግሯ እንዴት አድርጋ እንደወረደች እስካሁን አይገባኝም። ጸጉሯን ፈታዋለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ለቅሶ እንደተቀመጠ ሰው። አጥሚቱ ከእጄ ወደቀ።

"ወንድሜን ጥሪልኝ" አለች። "መጥቶ በወጉ ይንገረኝ።"

ፊቷ ተንበረከክሁ። ታውቂያለሽ እንዴ አልኳት። ያን ዕለት ማለዳ መምሬ በራችን ላይ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰምታ ነበር። ጠርገው ደግሞ እንደምን አደራችሁ ሳይሉ መመለሳቸውን ሰምታለች። ስንት በር ላይ ከኋላቸው ቆማ የሰማችው ነው፤ እንዴት ይጠፋታል? እኛ ሞኞቹ ነን ለመርዶ ነጋሪ መርዶ የደበቅን። ታዲያ እንዲህ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ፣ ለምን አልሄድሽም ብዬ እግሯን ያዝኩ፤ ያን እግር። ረጋ ብላ፣ ለበሽተኛ እንደምታስረዳው አድርጋ መለሰችልኝ።

"ሳትነግሩኝ ባለቅስ ልጄን በቁሙ ቀበርኩት ማለት አይደል? ምናልባት ሌላ ሰው ይሆናል እያልኩ ነው ፊትሽን ሳይ የከረምሁት። አንቺ ኔትወርክ ትይኛለሽ። ሳላለቅስለት ሄጄ ቢላዋ ላይ ብቀር፣ እናት ሆኖ ማን ያለቅስለታል?"

መምሬ መጡ። ሽማግሌዎቹም መጡ። ሁሉም እንደወጉ በር ላይ ቆሙ። መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ግን ከዚያ ወዲያ ድምፅ አልወጣቸውም። ደግመው ጠረጉ። የደም ግፊት መለኪያዋ ከነቦርሳው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ይዞት የሚቆም የለም። በመጨረሻ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች እጇን ዘረጋችላቸው።

"አብሽር ወንድሜ፣ በል ንገረኝ።"

ነገሯት። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልችልም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሷም እንባ አልገደዳትም። ሕፃን ሳለ የሚለውን፣ መኪና መንዳት ሲማር የሚለውን፣ ጫማውን ሳይቀር እያነሳች አለቀሰችለት። ድንኳን ተተከለ፣ አገሩ መጣ። ያዋለደቻቸው እናቶች፣ በእጇ የተወለዱ ልጆች የወለዷቸው ልጆች ሳይቀሩ መጡ። ስኳሯ ይነሳል ሲሉን የከረሙት ሽማግሌዎች በተራ በተራ እግዜር ያጥናሽ ይሏታል፤ እሷም ታመሰግናለች። በሠልስቱ ማግስት እንባዋን ጠራርጋ ፌስታሉን ከአልጋው ሥር አወጣች። በሉ እንግዲህ ውሰዱኝ አለች።

በኪራይ መኪና ወሰድናት፤ መምሬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እሷን ታቅፌ። እስከ አቀስታ ትናገር ነበር። ጉጉፍቱ ደጋ ላይ ብርዱ ሲገባ የራሷን የልብ ትርታ ያዘችና ፈጥኗል አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ደሴ የተቀበለን ሐኪም ልጅ እግር ነው። ጨርቁን ፈትቶ ቀና አለና ምነው ቀድማችሁ ባመጣችኋት አለ። መምሬ አንገታቸውን ደፉ። መመረዙ ወደ ደም ገብቷል፣ ጉልበቷን አልፎ ነው የሚቆረጠው አለ። እናቴም ለእኔ ሳይሆን ለእሷ እንዲነግራት አዘዘችው። እንደገና ነገራት። ጎበዝ፣ እንዲህ ነው የሚነገረው አለችው።

ቆረጧት። ሁለት ቀን ዓይኗን ከደነች፣ ገለጠች። የመጨረሻ የሰማሁት ቃሏ የሌለውን እግሯን እሸፍንላት ዘንድ ስትጠይቀኝ ነው፤ በረደው አለች። እናቴ፣ የልጄ እናት፣ የዚያ ሁሉ ሰው ሲስተር፣ ለጣት መጥታ ልትመለስበት በነበረው ሆስፒታል ውስጥ አረፈች።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን መኪና ስንጠብቅ መምሬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ልጅሽ ፈተና ላይ ናት፣ ለጊዜው ይቆይ፣ ስትጨርስ ተጠርታ ቤት መጥታ ትረዳለች አሉኝ። አምላኬን! ያኔ ውስጤ የነበረው ሁሉ ነደደ። ከእንግዲህ በእኔ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም አልኳቸው፤ አልፎ ሂያጁ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሳቸው እጄን ሊይዙ ሲሞክሩ ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ኔትወርክ ነበር። ወዲያው አነሳችው። ሳልንተባተብ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ ፊት ለፊት፣ ሲስተር አረፈች አልኳት።

ጮኸች። ጓደኞቿ ሲይዟት ይሰማኛል። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ስታለቅስ ጠበቅኋት። ነግሬያት ነበርና ትንሽ ልቤ ቀለለ። ቆይታ፣ ሳጓን እየዋጠች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች።

"እማዬ፣ ለጋሼ ማን ነገረው? መኪና እየነዳ ሳለ በስልክ እንዳትነግሩት። ሰው ይሂድለትና በማለዳ ይንገረው፣ እሺ?"

መምሬ ያዩኛል። ልጄ መልሴን ትጠብቃለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።